«አይላክ» ተብሎ የተላከው መልእክት

የምሠራበት ቢሮ መሃል ከተማ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ነው። አራት ሆነን ለትምህርት ቤቶች ሶፍትዌር እንሠራለን። ሥራው ቀላል ነው፤ መምህሩ ጠዋት ስም ጠርቶ ማን እንደመጣ ይመዘግባል፣ ሶፍትዌሩ ደግሞ ያልመጣውን ልጅ ወላጅ ፈልጎ «ልጅዎ ዛሬ ትምህርት ቤት አልተገኘም» የሚል መልእክት በስልክ ይልካል። ወላጆች ይወዱታል። ተማሪዎች እንደማይወዱት መገመት አያቅትም።

ያን ቀን ረፋዱ ላይ የአለቃዬ ስልክ ጠራ። አለቃዬ ድርጅቱን የመሠረተ፣ የመጀመሪያውን ኮድ ብቻውን ተቀምጦ የጻፈ ሰው ነው። ሲያዳምጥ ፊቱ እየተለወጠ መጣ። ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ምሥራቅ ያለው ትምህርት ቤት ጸሐፊዋ የሆነ ነገር አበላሽታለች። ለሁሉም ወላጅ ነው የተላከው። ሂጂና ምን እንዳደረገች እዪልኝ።»

ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ትምህርት ቤቱ ጋ ከመድረሳችን በፊት መንገዱ ተዘጋ። ሾፌሩ «እዚሁ ውረጂ፣ ከዚህ በኋላ አያስኬድም» አለኝ። ከፊታችን ሌሎች ባጃጆች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ አንድ እናት ወይም አንድ አባት እየዘለለ ወደ በሩ ይሮጣል። ጥበቃው በሩን ከፍቶ ዳር ቆሟል። ማንንም ሊያስቆም አልሞከረም።

ግቢው ውስጥ ያየሁት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። መናኸሪያ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ አንድ አባት፣ እጁ ግሪስ እንደነካው የሴት ልጁን ትከሻ ይዞ ቆሟል። ልጅቷ በጓደኞቿ ፊት አፍራ «አባዬ ልቀቀኝ፣ ክፍል ልግባ» ትለዋለች፤ እሱ ግን አይለቃትም። የሌሎቹም ሁኔታ ተመሳሳይ ነበር። ልጆቹ በሙሉ ክፍላቸው ውስጥ ነበሩ። አንድም የቀረ የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም ለሁሉም ቤት «ልጅዎ አልተገኘም» ተብሏል። ልጁን ጠዋት ደብተር አስይዞ የሸኘ ወላጅ ይህን ሲያነብ ምን እንደሚያስብ መናገር አያስፈልግም። አንዲት እናት ባጃጁ ሳይቆም ልትወርድ ስትል ኮብልስቶኑ ላይ ወድቃ እጇ እንደተሰበረ፣ እኔ ከመድረሴ ጥቂት ቀደም ብሎ ወደ ክሊኒክ እንደወሰዷት ነገሩኝ።

ጸሐፊዋ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ተቀምጣለች። ከእኔ ትንሽ ከፍ ትላለች፤ ሲዳማ ናት፣ አማርኛ የምትናገረው ቃል በቃል እየመረጠች፣ ቀስ ብላ ነው። ርዕሰ መምህሩ ፀጉራቸው የነጣ ሰውዬ ናቸው፤ ቆመው መስኮቱን ያያሉ። እኔ ስገባ ዞር ሳይሉ «በይ ጠይቂያት» አሉኝ።

«ምን ነበር ሲሠሩ የነበረው?» አልኳት።

«አንቱ አትበዪኝ፣ ገና ነኝ» አለች። ድምፅዋ ግን ለቀልድ የሚሆን አልነበረም። «የአዲሱን ተርም የተማሪ ስም እያስገባሁ ነበር። ስሙ ሲገባ የዛሬው ስም ጥሪ ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ከሆነ ደግሞ ሶፍትዌሩ ሁሉም የቀረ ይመስለዋል። ይሄን አውቃለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ መላኩን አጠፋሁት።»

«እንዴት አጠፋሽው?»

ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችው። ሴቲንግ ፋይል የምንለው ተራ ጽሑፍ ነው፤ በአንድ በኩል የነገሩ ስም፣ በሌላ በኩል መልሱ ይጻፋል። የትምህርት ቤቱ ስም፣ መልእክቱ የሚሄድበት ሰዓት፣ መልእክት ይላክ ወይስ አይላክ። በዚያኛው መስመር ላይ ድሮ «የስ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ነበር። እሷ አጥፍታው በቦታው «ኖ» ብላ ጽፋለች። ምንም የፊደል ስሕተት የለበትም። ትክክለኛው መስመር ላይ ነው። ሴቭም ተደርጓል።

«ኖ ብያለሁ» አለችኝ። «ከዚህ ሌላ ምን ልበለው?»

ለአለቃዬ ደውዬ ያየሁትን ነገርኩት። ፎቶ አንስቼ እንድልክለት ጠየቀኝ፤ ላክሁለት። ወዲያው መልሶ ደወለ፤ ድምፁ ቀለል ብሎታል። «ተገኘ። ኖ አይባልም፣ ፎልስ ነው የሚባለው። የእሷ ጥፋት ነው። ነገ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተገናኝተን እናስረዳቸዋለን።»

ፎልስ በፕሮግራም ቋንቋ «ሐሰት» እንደማለት ነው፤ እኛ ኮድ ስንጽፍ ለእምቢታ የምንጠቀምበት ቃል። አንዲት የትምህርት ቤት ጸሐፊ ያን ቃል ለምን ማወቅ እንዳለባት አልገባኝም። ይልቅ ይበልጥ የከነከነኝ ሌላ ነገር ነበር። ኖ ካልገባው ለምን ላከ? ያልገባው ሰው «አልገባኝም» ይላል እንጂ እሺ ብሎ አይነሳም።

ቢሮ ተመልሼ ፋይሉን የሚያነበውን ኮድ ከፈትኩ። ከእኔ በፊት የተጻፈ ነው፤ ነክቼውም አላውቅም ነበር። አጭር ነው። በፋይል ላይ የተጻፈ «ኖ» ለኮምፒውተር ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ እምቢ ማለት እንደሆነ የሚያውቀው አንድ ሰው ከነገረው ነው። አለቃዬ አልነገረውም። ኮዱ የሚጠይቀው «እዚህ መስመር ላይ የተጻፈ ነገር አለ ወይ?» ብሎ ነው። ካለ፣ ያለው ምንም ይሁን ምን፣ ይልካል። «የስ»ም ሆነ «ኖ»፣ «እባክህ አትላክ»ም ሆነ ስድብ፣ ሁሉም ለእሱ እሺ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ያላወቀው፣ መላኩን ማጥፋት ፈልጎ አልጠፋልኝም ብሎ የደወለልን ትምህርት ቤት ስላልነበረ ነው።

ለአለቃዬ ስክሪኑን አሳየሁት። አነበበው። ፊቱ ቀላ።

«ፎልስ ብትልም ይልክ ነበር» አልኩት።

«ገብቶኛል» አለ። «እናስተካክለዋለን። ግን ነገ ይሄ አይነሳም። ደንበኛ ፊት ይሄ አይነሳም። አንቺም ትመጪያለሽ፤ ኮዱን ያነበብሽው አንቺ ነሽ፣ አጻጻፏ ልክ እንዳልነበረ ታስረጂያቸዋለሽ።»

«ጸሐፊዋስ?»

«ማስጠንቀቂያ ይሰጧታል፣ ያልፋል።»

ማስጠንቀቂያ ብቻ እንደማይሆን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እጇ የተሰበረ እናት አለች፤ ወላጆች አንድ ሰው እንዲባረር ጠይቀዋል። ርዕሰ መምህሩም ክፉ ሰው ሆነው ሳይሆን በሩ ላይ ለቆሙት ሰዎች የሚሰጡት መልስ ስለሚያስፈልጋቸው ያባርሯታል። እኔም አፌን ከፍቼ «አዎ፣ አጻጻፏ ነው» ካልኩ መልሱ ተገኘ ማለት ነው። የኮምፒውተር ሰው ሲናገር ማን ይከራከራል?

ለአለቃዬ እሺም እምቢም አላልኩትም። ላፕቶፔን ይዤ ወጣሁ።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተቀመጥን። ጸሐፊዋ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ናት፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደምትሄድ ሰው ተዘጋጅታለች። አለቃዬ ጥሩ ተናጋሪ ነው። ስለ ቴክኖሎጂ፣ ስለ ሥልጠና፣ ስለ ተጠቃሚ ጥንቃቄ ተናገረ። «ፋይሉ ላይ መጻፍ የነበረበት ፎልስ ነው» አለ መጨረሻ ላይ። «እሷ ኖ ጻፈች። ሲስተሙ ይህን ቃል አያውቀውም። ባልደረባዬ ታስረዳዎታለች።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ላፕቶፔን ከፈትኩ።

«ስልክዎን ጠረጴዛው ላይ ያድርጉልኝ» አልኳቸው ርዕሰ መምህሩን። «ለሙከራ ባዘጋጀሁት ዝርዝር ውስጥ ያለው የእርስዎ ቁጥር ብቻ ነው። አሁን አለቃዬ እንዳለው ፎልስ ብዬ እጽፋለሁ።»

ጻፍኩ። ሶፍትዌሩን አስነሳሁት። የርዕሰ መምህሩ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። አነሱትና መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው አነበቡ። «ልጅዎ ዛሬ ትምህርት ቤት አልተገኘም።»

አለቃዬ ስሜን ጠራ፣ ቀስ ብሎ። አላየሁትም። «አሁን ደግሞ በአማርኛ አትላክ ብዬ ልጻፍ» አልኩ። ጻፍኩ። ስልኩ እንደገና ተንቀጠቀጠ።

ርዕሰ መምህሩ ሁለቱንም መልእክቶች ደጋግመው አዩአቸው። «ታዲያ ምን ቢጻፍ ነው የማይልከው?»

«ምንም ካልተጻፈ ብቻ ነው፤ መስመሩ ባዶ ከሆነ። ይህንንም የነገራት የለም፤ እኛም ትናንት ነው ያወቅነው። እሷ ያደረገችው ትክክል ነው። ስሕተቱ የእኛ ነው።»

ቀድሞ የተሰማው የጸሐፊዋ ድምፅ ነው። «ዝም ብል ነበር የሚሰማኝ ማለት ነው» አለች። ለማንም አልነበረም የተናገረችው። ቦርሳዋን ከጭኗ አንሥታ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

ርዕሰ መምህሩ ይቅርታ አልጠየቋትም፤ ይህን መናገር አለብኝ። «ወደ ሥራሽ ተመለሺ» ብቻ ነው ያሏት። ለእኛ ደግሞ ሶፍትዌሩ መስተካከሉን ከእኔ አንደበት እስኪሰሙ ድረስ እንደማይጠቀሙበት ነገሩን። «ከእርስዎ አይደለም» አሉት አለቃዬን፣ «ከእሷ።»

በአለቃዬ መኪና ስንመለስ፣ አደባባዩን ካለፍን በኋላ «ደንበኛ ፊት አዋረድሽኝ» አለ።

«እሷን ልናዋርዳት ነበር የሄድነው።»

«ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ።»

«ነገርኩህ። አይነሳም አልከኝ።»

ከዚያ በኋላ የተከራከርነው ስለ ኮዱ ነው፤ ይህኛው ክርክር ከመኪናው ወርደንም፣ ደረጃውን ወጥተንም አላለቀም። እሱ የፈለገው ቀላል ነገር ነው፤ ኖ እና ፎልስ የሚሉትን ቃላት ኮዱ ውስጥ ጨምረን «እነዚህን ስታይ አትላክ» ማለት። እኔ ደግሞ የማይታወቅ ቃል ሲመጣ ሶፍትዌሩ መገመቱን እንዲተው ፈለግሁ። የሚቀበላቸው ቃላት ጥቂት ይሁኑ፤ ከእነዚያ ውጭ የሆነ ነገር ካየ ሥራውን ያቁም፣ የትኛው መስመር ላይ ምን እንዳልገባው ጽፎ ያሳይ። መስመሩ ጭራሽ ከሌለም አይላክ።

«በየቀኑ ቆመብን እያሉ ይደውላሉ» አለ።

«ይደውሉ።»

«አንድ ቃል ተሳስቷል ተብሎ ሙሉ ሲስተም ይቁም?»

«አዎ። ሰው ልጄ ጠፋ ብሎ መንገድ ላይ ከሚወድቅ ሲስተሙ ይቁም።»

«ግትር ነሽ» አለኝ። ቤት ውስጥም ይህን ስም ስሰማ ነው ያደግሁት፤ አዲስ አልሆነብኝም። በእሱ መንገድ ከሆነ እኔ እጄን እንደማላስገባበት ነገርኩት። «እኔው እሠራዋለሁ» አለና ተቀምጦ ራሱ ሠራው። ኖ እና ፎልስን ጨመረ፤ ለሁሉም ትምህርት ቤቶች ላከው። ለምሥራቁ ትምህርት ቤት ግን መላክ አልቻለም፤ እኔ አልደወልኩላቸውም።

በዚያው ሰሞን ቅዳሜ፣ እጇ የተሰበረባትን እናት ልጠይቅ ሄድኩ። አለቃዬን አብረን እንሂድ ብዬው ነበር፤ «ከሄድን ጥፋቱን አመንን ማለት ነው» አለኝ። ብርቱካን ገዝቼ ብቻዬን ሄድኩ። ጨርቅ የሚሸጥበት ሱቅ አላቸው፤ እጇ በጄሶ ታስሮ ወንበር ላይ ተቀምጣ ደንበኛ ታስተናግዳለች። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ተቀመጪ አለችኝ።

«ክሊኒክ ውሰዱኝ አላልኩም መጀመሪያ» አለች። «ልጄን አሳዩኝ ነው ያልኩት። ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ ሳያት እጄ ትዝም አላለኝ፤ አልሃምዱሊላህ። ማን ነው ግን የላከው?»

«እኛ ነን። ሶፍትዌራችን አትላክ ሲባል ላከ።»

ትንሽ አሰበች። «ሁለተኛ እንዳያደርገው አድርጊ» አለችኝ። «ግን የእውነት ስትቀር ይላክልኝ፤ እሱንም እንዳታጠፊው።»

ከሱቁ ስወጣ ምን መሥራት እንዳለብኝ ግልጽ ሆኖልኝ ነበር። ሰኞ ጠዋት ማንንም ሳልጠይቅ የራሴን መጻፍ ጀመርኩ።

አለቃዬ የሠራው ብዙ አልቆየም። መናኸሪያ በኩል ያለ ሌላ ትምህርት ቤት፣ ፈተና ስለነበር መላኩን ማጥፋት ፈለገ። መዝጋቢው ኖ ብሎ ጻፈ፤ ግን በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል። የአለቃዬ ኮድ የሚያውቀው በትንንሹ የተጻፈውን ብቻ ነበር፤ ትልቁን ሲያይ ያልታወቀ ነገር ነው ብሎ እንደ ልማዱ እሺ አለ። ደግነቱ ወላጆቹ ፈተና መኖሩን ስለሚያውቁ እንደ ምሥራቁ አልተደናገጡም፤ ግን ስልካችን ሲጮህ ዋለ።

አለቃዬ ስልኮቹን አንሥቶ ጨረሰ። ከዚያ መጥቶ ወንበሬ አጠገብ ቆመ። «የአንቺ ደርሷል?» አለኝ።

«ደርሷል።»

«ለሁሉም ልቀቂው።»

ልክ ነበርሽ አላለኝም። እኔም አልጠበቅሁም።

ሲለቀቅ እሱ እንዳለው ሆነ፤ ስልኩ አላረፈም። በየትምህርት ቤቱ ሶፍትዌሩ ቆመ፤ ምክንያቱም ሰዎች በዚያ ፋይል ላይ የጻፉት ጉድ ነበር። አንዱ «ኦኬ» ብሏል። አንዱ «አዎን ይቻላል» ብሏል። አንዱ የጥያቄ ምልክት ብቻ አስቀምጧል። አንዲት መምህርት ደግሞ ቅዳሜና እሑድ እንዳይላክ «በፍጹም» ብላ ጽፋ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲላክ ኖሯል፤ ወላጆች ሲያማርሩ የስልካችሁ ችግር ነው እያለች ስታስረዳ ነበር። ለእያንዳንዱ እየደወልኩ ምን ማለት እንደፈለገ ጠየቅሁ። ባልደረቦቼ አጉረመረሙ። አለቃዬ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። እኔ ግን እያንዳንዱ ስልክ ደስ አለኝ፤ እስከዛሬ ሳይሰማ የቀረ አንድ ሰው ማለት ነውና።

የምሥራቁ ጸሐፊም ደወለች። ርዕሰ መምህሩ ከእኔ ሰምተው ሶፍትዌሩን መልሰው አስጀምረዋል፤ እሷም መላኩን አጥፍታ እየሞከረችው ነበር።

«አልተላከም አይደል?» አልኳት፤ የሙከራዋን ውጤት ለማወቅ።

«አዎ» አለችኝ።

«አዎ ተልኳል ወይስ አዎ አልተላከም?»

«አዎ፣ አልተላከም። አንቺ አይደለሽ እንዴ አልተላከም ያልሽው?»

ሁለታችንም ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ነገሩን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሁለት ሰዎች በስልክ እየተነጋገሩ በአንድ «አዎ» ላይ ከተምታቱ፣ በፋይል ላይ የሚቀመጥ አዎ ማንን ይረዳል? እሷም የእንግሊዝኛውን ቃል እንደማትወደው ነገረችኝ፤ በአማርኛ ይሁንልን አለች። ተነጋገርን። አዎ እና አይ አልተስማሙንም፤ አንዱ «አዎን»፣ አንዱ «አወ» እያለ ይጽፈዋል፣ «አይ» ደግሞ ሰው ሲያዝንም ሲገረምም የሚለው ነው። ባዶም ቦታ አልፈለግንም፤ ባዶነት መልስ አይደለም። መጨረሻ ላይ የያዝነው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ይላክ» እና «አይላክ»። ጥያቄው እንዴትም ቢጠየቅ መልሱ አይገለበጥም። ከሁለቱ ሌላ ከተጻፈ ሶፍትዌሩ ይቆምና «ይህ መስመር አልገባኝም፤ ይላክ ወይም አይላክ ብለው ይጻፉ» ይላል።

አሁንም እዚያው ቢሮ እሠራለሁ። አለቃዬና እኔ ጓደኞች አይደለንም፤ ሥራ እንሠራለን። ሰው ሲያስተዋውቀኝ «አስቸጋሪዋ ይቺ ናት» ይላል፤ ሲል ግማሹ ቀልድ ነው፣ ግማሹ አይደለም።

በቅርቡ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው አንድ ድርጅት ለሠራተኞቹ መልእክት የሚልክ ሶፍትዌር ሊያሠራን መጣ። የእነሱ ባለሙያ በሁሉም ተስማምቶ አንድ ነገር ላይ ቆመ። «የእኛ ሰዎች እንደመጣላቸው ነው የሚጽፉት» አለ። «ባልተለመደ ቃል ከቆመ ያስቸግረናል። ራሱ አስቦ፣ ሰውየው ምን ማለት እንደፈለገ ይረዳው።»

አለቃዬ ወደ እኔ አየ። ምን እንደፈለገ አውቃለሁ፤ ትልቅ ሥራ ነበር።

«አይገምትም» አልኩ። «ካልገባው ይጠይቃችኋል።»

«ይህቺን እንኳ ብታሻሽሉልን።»

«እሷን አላሻሽልም።»

ሰውየው ወረቀቶቹን አጠፈና እናስብበታለን ብሎ ወጣ። ወደ ሌላ ድርጅት እንደሄዱ በኋላ ሰማን። የሰውየው ኮቴ ደረጃው ላይ እየራቀ ሲሄድ፣ አለቃዬ ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ። እኔም ጠረጴዛዬን አስተካክዬ ምሳ ልበላ ወጣሁ።